ታቦት የሚሸከም አንገት

ደባርቅ ውስጥ አንገቱን የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ማጅራቱን ነው። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ሥጋውን ጨምድዶ ይይዝና «እዚህ ነው» ይላል። እኔም ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የተባልኩትን ቦታ አሽቼ እሰድ ነበር። ሰውየው ለጥቂት ቀን ይሻለውና በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ቦታ ይዞ ይመለሳል። የሚያመው ቦታና የታመመው ቦታ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በቅሎዎች ናቸው።

ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ስፈልግ የተቀጠርኩት ሊማሊሞን ወጥተው የሚመጡ ነጋዴዎች በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። ሥራዬ ጭነት ማራገፍና ከብቶቹን ማጠጣት ነው። ጭነቷ ወደ ፊት ያጋደለባት በቅሎ አንገቷን አቀርቅራ፣ የፊት እግሮቿን እያሳጠረች እንደምትራመድ ያየሁት እዚያ ነው። ባለቤቶቹ ጀርባዋን ያጥባሉ፣ ጀርባዋን በቅቤ ያሻሉ። እኔ ደረቷን ስነካው ግን እንደ ጠፍር ተወጥሮ አገኘዋለሁ። ደረቷ ካልላላ፣ ጭነቷም ወደ ኋላ ካልተመለሰ፣ ጀርባዋን ያሸ ሰው በከንቱ ደክሟል። ነጋዴዎቹ እየሳቁም ቢሆን በቅሎዎቻቸውን ይተዉልኝ ጀመር። ከበቅሎዎቹ በኋላ ጫኞቹ ራሳቸው መጡ፣ ቀጥሎ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ቀጥሎ የሰፈሩ ሰው። ወጌሻ ይሉኛል፤ ስሙ ግን የሚገባኝ አይመስለኝም። የተሰበረና የወለቀ አልነካም። የምነካው የተኮማተረ ሥጋ ብቻ ነው።

የደብራችን ቄስ ወደ እኔ የመጡት መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። ቤታቸው ከእኛ ቤት በላይ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ነበር። ቅዳሴ ይቀድሳሉ፣ ከቅዳሴ መልስ ብራና ይጽፋሉ። ሲጽፉ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻቸዋለሁ። የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ቁርበት አንጥፈው ይቀመጣሉ። ቀኝ ጉልበታቸውን ያቆሙና ብራናውን እዚያ ላይ ያሳርፋሉ። የቀለሙ ቀንድ አጠገባቸው መሬት ውስጥ ተተክሏል። ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም፤ የቁም ጸሐፊ ጠረጴዛው ጉልበቱ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ብራናው ወደ ዓይናቸው አልመጣላቸውም፤ እሳቸው ወደ ብራናው ሄዱ። በመጨረሻ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው በብርዕ ሳይሆን በአፍንጫቸው የሚጽፉ ይመስሉ ነበር።

ይህን ማንም እንደ ሕመም አላየውም። እንዲያውም ይመሰገኑበት ነበር። በእኛ አገር ካህን ደረቱን ገልጦ ሲሄድ አይወደድም። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ሲሄድ ነው የካህን ወግ አለው የሚባለው። የቄሱ ጎንበስ ማለት ከዓመት ዓመት ሲጨምር ሰው ትሕትናቸው የጨመረ መሰለው። እናቶች ቀና ቀና የሚል ልጃቸውን ሲገሥጹ እሳቸውን በምሳሌነት ይጠቅሱ ነበር። አንገታቸው ተዘርግቶ፣ አገጫቸው ወደ ፊት ወጥቶ፣ ጀርባቸው ከትከሻቸው በታች ጉብ ሲል ያየ ሁሉ እጃቸው የያዘውን መስቀል ተሳልሞ ያልፋል። በእንቅልፋቸው ሲያቃስቱ የሚሰሙት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

ወደ እኔ ያመጣቸው ግን ሕመሙ አልነበረም። ባለፈው ጥምቀት ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ፣ ዳገቱ ላይ ታቦቱ ወደ ግንባራቸው አዘነበለ። ከጎናቸው ይሄዱ የነበሩት የደብሩ ገበዝ ፈጥነው ደገፉት። ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ላይ ስለነበር ብዙው አላየም። ገበዙ ግን አይተዋል፤ ዝም ብለውም ከረሙ። የመስቀል ዕለት ቄሱን ለብቻ ጠርተው፣ እስከ ከተራ አንገታቸው ካልቀና ታቦቱን የሚያነሣው ወጣቱ ቄስ እንደሚሆን ነገሯቸው። ወጣቱ ቄስ ብራና መጻፍ ከእሳቸው የተማረ፣ ቁመቱ የተስተካከለ ልጅ ነው።

ይህን ሲነግሩኝ እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት እያዩ ነበር። እኔም ያን ጊዜ መሬት የሚያዩት አፍረው ይሁን አንገታቸው እምቢ ብሎ መለየት አልቻልኩም።

«እናትና አባቴን አላውቃቸውም» አሉኝ። «ቆሎ ተማሪ ሆኜ የመጣሁት እዚህ ደብር ነው። ግቢው ውስጥ አደግሁ፣ ግቢው ውስጥ ቀሰስኩ። ታቦቱ ተሸክሞ አሳደገኝ። እኔ ደግሞ በዓመት አንዴ ብሸከመው ይበዛብኛል?»

አይበዛብዎትም አልኳቸው።

ልብሳቸውን አስወልቄ ከግድግዳው ጋር አቆምኳቸው። ተረከዛቸው፣ መቀመጫቸውና ጀርባቸው ግድግዳውን ነካ። ራሳቸው አልነካም። በራሳቸውና በግድግዳው መካከል እጄን ባስገባ አንድ ስንዝር ሙሉ ገባ። ክንዳቸውን ዝም ብለው እንዲያንጠለጥሉ ስነግራቸው መዳፋቸው ወደ ጭናቸው ሳይሆን ወደ ኋላ ዞረ። ትከሻ ወደ ውስጥ ሲጠቀለል መዳፍ እንዲህ ይዞራል። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ከፍ ያለ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት በማግስቱ ማኅሌት ላይ ቆመው ሳያቸው ነው። መቋሚያቸው ረዝሞባቸዋል። በወጣትነታቸው ልካቸው የነበረው መቋሚያ፣ እሳቸው ሲጎብጡ እሱ እንዳለ ቀርቶ፣ በብብታቸው ስር እየገባ ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ይገፋዋል። ከታች እንዲቆረጥ ስጠይቃቸው ጥቂት ካሰቡ በኋላ መጋዙን ራሳቸው አመጡልኝ። ይህን ሲያደርጉ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው የገባኝ። የመምህራቸው መቋሚያ ነበር።

ጣቴን ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ ከሚዘረጋው አጥንት በታች፣ ደረት ላይ ሳሳርፍ ዘለሉ።

«ኧረ እዚያ አያመኝም ነበር። የሚያመኝ ከኋላ ነው» አሉኝ።

ከኋላ ያለው ሥጋ የሚያመው ተወጥሮ ስለሚውል ነው፣ የሚወጥረው ደግሞ ከፊት ያጠረው ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ የሚጮኸው የሚጎተተው ነው፤ ጎታቹ ዝም ይላል። ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ። አጎዛ ጠቅልዬ መደቡ ላይ ርዝመቱን አስቀምጥና፣ ጥቅሉ በአከርካሪያቸው ልክ እንዲሆን አድርጌ በጀርባቸው አስተኛቸዋለሁ። የካህን ራስ ባዶ መደብ ላይ ማሳረፍ ነውር ስለሆነ ሁልጊዜ ጋቢ አጥፌ ከራሳቸው ስር አደርጋለሁ። ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግቼ፣ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ደረታቸው ላይ አደርግና ሥጋው ሙቀቱን እስኪቀበል እጠብቃለሁ። ከዚያ በአውራ ጣቴ ከደረታቸው መሀል ጀምሬ ወደ ብብታቸው በዝግታ እገፋለሁ። የሚቋጠር ቦታ ሳገኝ አልፈጨውም። እጫነውና አብሬው እቆያለሁ። ሰው ሲተነፍስ ሥጋው ትንሽ ይለቃል፤ የምጠብቀው ያንን ነው። የሚቸኩል እጅ ሥጋን ያስፈራዋል፣ የፈራ ሥጋ ደግሞ ይኮማተራል። ቀጥሎ ማጅራታቸውን ከራስ ቅል ሥር ይዤ ወደ ላይ ሳብ አደርጋለሁ። በመጨረሻ ከግድግዳው ጋር አቁሜ አገጫቸውን ወደ ኋላ እንዲመልሱ አዛቸዋለሁ። ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፤ ሰው ሁሉ ቀና በል ሲሉት አገጩን ያነሣና ማጅራቱን የባሰ ያጣምመዋል።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ ቅቤ አልነካም አሉ። በምላስ አይደለም እኮ የሚገባው ብላቸው፣ ቅቤ ቅቤ ነው፣ ገላም ይጾማል አሉኝ። በኑግ ዘይት ቀየርኩት። የኑግ ዘይት ቶሎ ይደርቃል፣ እጅንም ይይዛል፤ ስለዚህ እየደጋገምኩ መቀባት ነበረብኝ። ባለቤታቸው በዘይቱ ሽታ እየተነጫነጩ ቤቱ መጥበሻ ሆነ ይላሉ። እሳቸው የሚሉትን ቄሱ እንዳልሰሙ ሆነው ይሰሟቸዋል። ትዳራቸው እንዲያ ነው።

ታቦት መሸከም ልምምድ ስለሚፈልግ አንድ ቀን ከቤት ያለ ጠፍጣፋ እንጨት ጠየቅኩ። የተገኘው የዋንዛ መክተፊያ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ራሳቸው ላይ አስቀምጬ ከጓዳ እስከ ደጃፍ አስኬድኳቸው። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩ።

«ሽንኩርት የምከትፍበት ነው እኮ መምሬ» አሉ። «ትላንት እንኳ አልቅሼበታለሁ።»

ወዲያው አማተቡ። ቄሱ መክተፊያው እንዳይወድቅ ፈርተው ሳቃቸውን ዋጡት፤ ትከሻቸው ግን ተንቀጠቀጠ። እዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ ለውጥ መጣ። ስንዝሩ ወደ ጋት ወረደ። በአራት ጣት የምለካው ክፍተት ብቻ ቀረ። ማቃሰታቸው ቀንሶ ሌሊቱን ተኝተው ማደር ጀመሩ። አንድ ጠዋት ውርጩ ገና ሳሩ ላይ እያለ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በቡይት ራስ በኩል ወዳለው ጋራ ይመለከቱ ነበር። ጉሙ ገና ከገደሉ ሥር አልወጣም፤ ጋራው ጥርት ብሎ ይታያል። ይህን ጋራ ካዩት ስንት ዘመን እንደሆናቸው እንደማያስታውሱ ነገሩኝ። ሊያዩት ሲፈልጉ ወገባቸውን ወደ ኋላ መለመጥ ነበረባቸው፤ ያም ስለሚያማቸው ትተውት ነበር። እኔም ያን ጠዋት ሊሳካ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር። ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ አላልኩትም።

ግን አንድ ነገር ይጎትተን ነበር። ጠዋት እኔ የከፈትኩትን ደረት ከሰዓት በኋላ ብራናው ይዘጋዋል። ለአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዳዊት እየጻፉ ነበር፤ ቃል ገብተዋል፣ መተው አይሆንላቸውም። እንዲያ ከሆነ ብራናውን ወደ ዓይናቸው እናምጣው ብዬ፣ እንደ አትሮንስ ያዘነበለ ሰሌዳ ሠራሁላቸው። ማዕዘኑን ከዓይናቸው ጋር ለክቼ፣ እግሩን አሳጥሬ አስረዝሜ አስተካከልኩት። ተቀምጠው ሞከሩት። ቀለሙ ወደ ታች ወረደ። ቀለሙን አወፈሩት። ቀጥሎ እጃቸው እምቢ አለ። ያ እጅ ከጉልበት ጋር የተማረ እጅ ነው፤ ጉልበቱን ሲያጣ የሚሄድበት ጠፋው። የጻፉትን አሳዩኝ። እኔ እንኳ ፊደሉ ዘንበል ዘንበል ማለቱን አየሁ። ዳዊት እንዲህ ተጽፎ ለቤተ ክርስቲያን አይገባም አሉና ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቁመው ተቀመጡ። አልተከራከርኩም። የሥራቸው ጥራት ሲጓደል ማየት እንደማይችሉ ስለማውቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰው ነው። የቄሱ ደረት ትንሽ ሲገለጥ፣ ዓይናቸው ከመሬት ትንሽ ሲነሣ፣ የሚያደንቃቸው ሰው አልተገኘም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጀ ሰላም ላይ ደብተራዎቹ በተቀመጡበት ሲያልፉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ለጓደኛው እንደሚናገር ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«መምሬ ዘንድሮ የክብር ዘበኛ ገቡ መሰለኝ። ደሞዙ ስንት ይሆን?»

የቀሩት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ቀልድ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። አሮጊቶቹ ግን ነገሩን ከልባቸው ወሰዱት። ቄሱ ኮሩ፣ ሰው ማየት ጀመሩ ተባለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቄሱ ከቤት ሲወጡ ትከሻቸውን እንደገና ሲሰበስቡ አየሁ። ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋር ቀና ይላሉ፣ ደጅ ሲወጡ ይጎብጣሉ። ለምን እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው፣ ሰውን በትዕቢት እያሰናከሉ ታቦት መሸከም እንደማይገባ መለሱልኝ። በአንድ በኩል ታቦቱ አንገታቸው እንዲቀና ይጠይቃል፣ በሌላ በኩል ሕዝቡ እንዲደፋ ይጠይቃል። የእኔ እጅ ይህን መሀል ገብቶ ሊፈታ አይችልም።

ጋቱ ከዚያ በኋላ አልቀነሰም። የደረታቸው ሥጋ ለስልሷል፤ ከእጄ በታች እንደ ሊጥ ይሄዳል። የትከሻቸው ቋጠሮ ተፈቷል። ግን ከግድግዳው ጋር ሳቆማቸው ያው አራት ጣት አለ። የማላውቀው ነገር እንዳለ ገባኝ። ዳባት ያለው የጤና ጣቢያ ውስጥ በሽተኛ የሚያይ አንድ ድሬሰር እንዳለ ሰምቼ ነበርና፣ በገበያ ቀን በጠዋቱ አውቶቡስ ይዣቸው ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ መስቀላቸውን ለሚሳለሙት ሰዎች ሲዘረጉ ሄዱ።

ድሬሰሩ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ የተረጋጋ ሰው ነበር። ያደረግሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጁን ደረታቸው ላይ አሳርፎ ጥሩ ሠርተሃል አለኝ። ከዚያ አልጋው ላይ በጀርባቸው አስተኛቸው። እኔ እንደ ልማዴ ጋቢዬን አጥፌ ከራሳቸው ስር ላስገባ ስል እጄን ያዘኝና ያለ ትራስ ይተኙ አለ።

ተኙ። ራሳቸው አልጋውን አልነካም። በማጅራታቸውና በአልጋው መካከል አየር ነበረ። ድሬሰሩ ራሳቸውን ልቀቁት፣ ይውደቅ አላቸው። ለቀቁት። የአንገታቸው ሥጋ ሁሉ እንደላላ አየሁ፤ ራሳቸው ግን እዚያው አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ሁሉ የእኔ ጋቢ ይህንን ሞልቶ ይዞት ነበር። አንድም ቀን ሳላወጣው ነው ያሸኋቸው። ሊወጣም አይችልም ነበር፤ የካህን ራስ ነው።

ድሬሰሩ ውጭ ወጥተን ነገረኝ። ሥጋ ቢሆን ኖሮ ሰው ተኝቶ ሲያርፍ ይወርዳል፤ ተኝቶም ካልወረደ አጥንቱ በጎበጠበት ደርቋል ማለት ነው። ይህን የሚመልስ መድኃኒት እዚያ እንደሌለ፣ ጎንደርም ያለ እንደማይመስለው ነገረኝ። ማሸቱን አትተው፣ ሕመማቸውን ይቀንስላቸዋል አለኝ። ብዙ ብትገፋ ግን ትሰብራቸዋለህ አለ። እጄን ጨብጦ ሌላ በሽተኛ ወደሚጠብቀው ክፍል ገባ።

ወደ ደባርቅ የሚመለሰውን መኪና ስንጠብቅ ከአንድ ሱቅ ጥላ ስር ተቀመጥን። ገበያው ይበተን ነበር። በጎች እየተጎተቱ ያልፋሉ።

«አጥንት ነው አለህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ መምሬ።»

«አጥንት የእግዚአብሔር ነው። አንተ ሥጋውን እሽ።»

ስለዚህ ማሸቱን ቀጠልኩ። ከልደት በዓል በኋላ ወደ ቅቤ ተመለስን። ከዚያ ወዲህ እጄ የሚያደርገውንና የማያደርገውን አውቀው ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም ከግድግዳው ጋር አቁመኝ ይላሉ፣ አቆማቸዋለሁ። ስንት ቀረ ይላሉ፣ ጋት እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ሥራቸውን አቁመው መልሴን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን በጓሮ በር ስወጣ አስቆሙኝና ቀስ ብለው፣ እንዲያው ትንሽ አሳንሰህ ብትነግራቸው ምን ይላል አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። ጋት ጋት ነው። ተቆጥተው ሳይሆን አዝነው አዩኝ።

ከከተራ በፊት ባለው እሑድ ገበዙ ቄሱን ደጀ ሰላም ጠሯቸው። እኔ ተከትዬ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ገበዙ የቀሩትን ካህናት አስወጥተው ነበር፤ ማንም እንዳያያቸው ብለው ነው። አንድ የተጠረበ ወይራ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አዘጋጅተዋል። ክብደቱን ከታቦቱ ጋር እንዲቀራረብ አድርገውታል። በሁለት እጃቸው አንሥተው ቄሱ ራስ ላይ አስቀመጡት።

ቆመው ያዙት። እንዳስተማርኳቸው አገጫቸውን ወደ ኋላ መለሱ። ገበዙ ይራመዱ አሏቸው። መራመድ ሲጀምሩ እንጨቱ ወደ ግንባራቸው ሄደ። አንድ እጃቸውን አነሡ። እንጨቱ አልቆመም። ሁለተኛውን እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ክንዳቸው ከጆሯቸው በላይ አልሄደላቸውም፤ ያን ጊዜ አንገታቸው ተዘረጋና እንጨቱ ተንሸራተተ። ገበዙ መሬት ሳይነካ ያዙት።

«አንድ ጊዜ ልድገመው» አሉ ቄሱ።

ገበዙ እሺ አሉ። ከመጀመሪያው የከፋ ሆነ። እንጨቱን ተቀብለው ጨርቁን ሲያስተካክሉ ገበዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። እሳቸውም ወጣት ሆነው በዚሁ ደብር ከቄሱ ጋር አብረው የቀሰሱ ናቸው።

«ጥላውን ይያዙልን መምሬ» አሏቸው። «ከታቦቱ ጎን ይሆናሉ። ጥላው የእርስዎ ይሁን።»

«ጥላ የሚያነሣ ትከሻ ቢኖረኝ ታቦቱንም አነሣው ነበር» አሉ ቄሱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ለልጁ ንገሩት፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ወገቡን እንዳያጥፍ። በጉልበቱ ይውጣው።»

ከዚያ ወጡ። ስንሄድ ሁለተኛ እንዳልመጣ የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። ነገ በጠዋት ና አሉኝ፤ ክንዴ ተይዟል፣ ያመኛል አሉ። ሄድኩ። አጎዛውን ጠቀለልኩ፣ ጨርቁን አሞቅኩ። ግድግዳውን እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኔም አላነሣሁ። ከእሽታው ሲነሡ ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው ቀንዱን መሬት ላይ ተከሉ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ ደረታቸው ላይ ያላላሁት ሥጋ እንደገና ሲሰበሰብ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ሌላው ሰው ቢያይ ካህን ዳዊት ሲጽፉ ነው የሚያየው።

የከተራ ዕለት ባለቤታቸው ከቄሱ ጋር እንድሄድ ለመኑኝ። ካባቸውን ለብሰዋል፣ ጥምጣማቸው ነጭ ነው። ከካህናቱ ጋር ሊሄዱ ሲገባ፣ ቁልቁለቱን ከእነሱ እኩል መራመድ ስለማይችሉ፣ ከሕዝቡ ጋር መንገድ ዳር እንቁም አሉ። ክንዴን ይዘው ቆሙ። ከበሮው ከላይ ሲወርድ ይሰማል። ካህናቱ ብቅ አሉ፣ ጥላዎቹ ብቅ አሉ፤ ከእነሱ መካከል ታቦቱ በወጣቱ ቄስ ራስ ላይ ሆኖ መጣ። ሕዝቡ ንፋስ እንደመታው እህል አጎነበሰ። ሽማግሌውም፣ ወታደሩም፣ ነጋዴውም፣ ሴቶቹም አንገታቸውን ደፉ። ለዚያች ጊዜ ቄሱ ከማንም አይለዩም ነበር።

እኔ አልደፋሁም። ማየት ነበረብኝ። የወጣቱ ቄስ አንገት ቀጥ ያለ ነው፤ ታቦቱ ግንብ ላይ እንዳረፈ ተቀምጦለታል። ግን ሲያልፈኝ ከጎን አየሁት። አገጩ ትንሽ ወጥቷል፣ ትከሻው ወደ ውስጥ መሰብሰብ ጀምሯል። እሱም በጉልበቱ ላይ ነው የሚጽፈው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገርም ትሕትናው ነው ይሉኝ ነበር።

ታቦቱ ሲያልፍ ሕዝቡ ቀና አለና ተከትሎ ፈሰሰ። ቄሱ እንዳሉ ቀሩ። ጥምጣማቸው ወደ ፊት ተንሸራቶ ዓይናቸውን ሊሸፍን ደርሶ ነበር። ከእግራቸው ስር ያለውን አፈርና የሚያልፉትን እግሮች ብቻ ነበር የሚያዩት።

«የት ደረሰ?» አሉኝ።

«መታጠፊያው ጋ ነው፣ መምሬ።»

«ቀጥ ብሎ ነው?»

«ቀጥ ብሎ ነው።»

ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ጥላዎቹ መታጠፊያውን ዞሩ፣ ከበሮው ራቀ፤ እኔም ከዛፎቹ በቀር የማየው አልነበረኝም። አሁንስ የት ደረሰ አሉኝ። ይታየኛል፣ ውኃው ጋ ሊደርስ ነው አልኳቸው።